ከእንጦጦ አፈር በታች ያለ መዝገብ

ሰው ሁሉ ሀብት ይመኛል። ሀብት የሚገኝበትም መንገድ ሁለት ነው። አንዱ በላብና በድካም የሚገኘው ነው፤ ሁለተኛው ሌላ ሰው ቀብሮት ወይም ጥሎት ያለፈውን አውጥቶ መውሰድ ነው። ስለ መጀመሪያው መንገድ ከትምህርት ቤትም ከቤተ ሰብም ብዙ ምክር ሰምታችኋልና እኔ አልደግመውም። ስለ ሁለተኛው ግን የሚመክር ሰው ጥቂት ስለሆነ፥ ዕድሜዬን በማስተማር የፈጸምሁ እንደ መሆኔ መጠን የማውቀውን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንጦጦ ጋራና በየካ ሸንተረር ላይ የድሮ ሰፈር ኦና ብዙ አለ። ቤቱ ፈርሶ የድንጋይ መሠረቱ ብቻ የቀረበት፥ አጥሩ ጠፍቶ የበሩ ስፍራ ብቻ የሚታወቅበት ቦታ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ ብሎ ለሚያይ ሰው አይታጣም። ወደነዚህ ቦታዎች አንዳንድ ወጣቶች በተለምዶ «ዲቴክተር» የሚባለውን ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ። መሣሪያው በጮኸበት ሁሉ ይቆፍራሉ፤ ያገኙትን በከረጢት ከተው ጉድጓዱን እንደ ተከፈተ ትተውት ይወርዳሉ። የሚፈልጉት ወርቅ ነው። የሚያገኙት ግን ምን እንደሆነ፥ የሚያጠፉትስ ምን እንደሆነ በቅድሚያ ማወቅ ይገባቸዋል።

እንጦጦ ምን እንደነበረ ያላወቀ ሰው በአፈሩ ውስጥ ምን እንዳለ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ አስቀድሜ የቦታውን ታሪክ ባጭሩ እናገራለሁ።

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፥ በ1870ዎቹ ዓመታት፥ ከአንኮበር ወደ ደቡብ ምዕራብ እየገፉ መጥተው በእንጦጦ ራስ ላይ ከተሙ። ጋራው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ ዙሪያውን አሻግሮ ለማየትም ጠላትን ለመከላከልም የተመቸ ነበር። ንጉሡ ወደዚያ በወጡ ጊዜ የቀድሞ ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽ እንደ ተገኘ ይነገራል። የንጉሡ ግቢ በከፍታው ላይ ሆኖ መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ከነጭፍራቸው በዙሪያው ሰፈሩ። በየመኳንንቱ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ጋሻ ጃግሬው፥ ወጥ ቤቱ፥ ጠጅ ጣዩ፥ በቅሎ ጠባቂው፥ እንጨት ለቃሚው፥ ውሃ ቀጂው ሁሉ ጎጆውን ቀለሰ። የእንጦጦ ማርያምና የእንጦጦ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ። ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ተባሉ።

ይሁን እንጂ ጋራው ለኑሮ አልተመቸም። ብርዱና ነፋሱ ከባድ ነበር፤ ዛፉ ተቆርጦ በማለቁ ማገዶ እየራቀ ሄደ፤ ውሃውም ከቁልቁለት በእንስራ የሚመጣ ነበር። ከጋራው ግርጌ ግን ፍል ውሃ ነበረ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት እንዲሠራ አድርገው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ከጋራው ወደ ሜዳው ወረደ፥ እንጦጦም ከአብያተ ክርስቲያናቱ በቀር ኦና ሆነ። በኋላ ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ሲተከል የቀድሞውን ሰፈር ደን ለበሰው።

ከዚህም በፊት የሆነ ሌላ ታሪክ አለ። በየካ ጋራ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ የዋሻ ሚካኤል የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ደግሞም ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1450 ገደማ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ በራራ የምትባል የኢትዮጵያ ከተማ ተጽፋ ትታያለች። ይህች ከተማ በ16ኛው መቶ ዓመት በነበረው ጦርነት ጊዜ ጠፍታለች። ሊቃውንት ስፍራዋ የት እንደሆነ ይከራከራሉ፤ አንዳንዱ በእንጦጦ ዙሪያ፥ ሌላው ወደ የረር በኩል ያደርጋታል። ይህን ክርክር የሚፈርደው የሰው ጩኸት አይደለም፥ አፈሩ ነው። አፈሩ ግን ሊመሰክር የሚችለው ሳይነካካ ከቆየ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። መሣሪያው ረጅም በትር አለው፤ በበትሩ ጫፍ እንደ ሰሐን የከበበ ነገር ተያይዞበታል። በሰሐኑ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ከባትሪው የሚመጣው የኤሌክትሪክ ኃይል በሽቦው ሲመላለስ በዙሪያው የመግነጢስ ኃይል ይፈጥራል። ይህም ኃይል በመሬት ውስጥ ካለ ብረት፥ ናስ ወይም ብር ጋር ሲገናኝ በዚያ ነገር ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያስነሣል፤ መሣሪያው ያንን ተቀብሎ ይጮኻል። እንደ ሳንቲም ያለ ትንሽ ነገር ከአንድ ስንዝር ብዙ አልፎ ከተቀበረ ግን ተራው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ አያገኘውም። ለወርቅም ይጮኻል፥ ለቢራ ቆርኪም ይጮኻል።

የዚህ ጥበብ አጀማመር ነፍስ ለማዳን ነበር። ስልክን በመሥራቱ ስሙ የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት በቆሰሉ ጊዜ በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ለመፈለግ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ ሞከረ። በአልጋው ውስጥ የነበረው የብረት ሽቦ ድምፁን እንዳምታታበት ይነገራል፤ ጥይቱም ሳይገኝ ፕሬዚዳንቱ ሞቱ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ምኒልክ በእንጦጦ ራስ ላይ በከተሙበት ዘመን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ዩዜፍ ኮሳትስኪ የሚባል የፖላንድ መኮንን የተቀበረ ፈንጂ የሚያገኝ መሣሪያ ሠራ፤ መሣሪያውም በ1942 በግብፅ በረሃ በኤል አላሜይን ጦርነት ጊዜ ለብዙ ወታደሮች መንገድ ጠረገ። እንግዲህ መሣሪያው በራሱ ክፉ አይደለም። እንደ ቢላዋ ነው፤ በወጥ ቤት ሽንኩርት ይከትፋል፥ በክፉ ሰው እጅ ደም ያፈሳል።

ስለ ወርቁ የሚወራውን ደግሞ በአእምሮ እንመርምረው። በየቦታው «ጣሊያን ሲሸሽ ወርቅ ቀብሯል፥ የጥንት መኳንንት ማሰሮ ሙሉ ወርቅ ከምሰሶ ሥር ቀብረዋል» የሚል ወሬ አለ። አገሩ በድንገት በጠላት ሲወረር ሰው ገንዘቡን መቅበሩ እውነት ነው፤ በየአገሩም ሲደረግ ኖሯል። የእንጦጦ ሕዝብ ግን ጋራውን የለቀቀው ጠላት አባርሮት አይደለም። በፈቃዱ፥ ቀስ ብሎ፥ ወደሚሞቅ ስፍራ ወረደ። በፈቃዱ ቤት የሚለቅ ሰው ወርቁን ጥሎ ይሄዳልን? እናንተ ቤት ስትቀይሩ ምን ትታችሁ ትሄዳላችሁ? የተሰበረውን፥ ያረጀውንና ሳታዩት የወደቀውን ነው። በእንጦጦ አፈር ውስጥም የቀረው ይኸው ነው።

የዚያን ዘመን ሀብትም ቢሆን ከብት፥ እህል፥ በቅሎና ጠመንጃ ነበር። በገበያ የሚመነዘረው ገንዘብ ማርትሬዛ የሚባለው ጠገራ ብር ነው፤ ለትንንሹ ግብይት አሞሌ ጨውና አንዳንድ ጊዜም ጥይት እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። አሞሌው በአፈር ውስጥ ሟሙቶ ጠፍቷል። ስለዚህ መሣሪያ ይዞ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው የልጓም ስባሪ፥ የዛገ እርካብ፥ የስናድርና የውጅግራ ቀለህ፥ የማጭድ ቁራጭ፥ የቁልፍ ስባሪ ነው። ዋጋው ሲጠየቅ የቁራሌው ዋጋ ነው፤ በኪሎ ይመዘናል።

«ታዲያ ዋጋ የሌለው ከሆነ ቢወሰድ ምን ይጎዳል?» የሚል ከእናንተ መካከል ይኖራል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱም የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ቤት ነበረ። ከአንድ መጽሐፍ አንድ ገጽ የቀደደ ተማሪ የተገኘ እንደሆነ የሚቀጣው ሙሉ መጽሐፍ እንደ ሰረቀ ተቆጥሮ ነበር። በዚያን ጊዜ ቅጣቱ ከጥፋቱ የበለጠ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ወረቀቱ ለብቻው ሲገኝ ከየት መጽሐፍ እንደሆነ፥ ከየትኛው ገጽ ቀጥሎ እንደሚነበብ አይታወቅም፤ መጽሐፉም ያለ እሱ ጎዶሎ ነው። ከአፈር የወጣ ዕቃም እንዲሁ ነው። ዕቃው የሚናገረው ከነቦታው ሲገኝ ነው፤ ከቦታው ሲለይ ግን ዝም ይላል።

በአንድ ምሳሌ ላስረዳችሁ። የማርትሬዛ ብር ላይ የተቀረጸው ዓመት 1780 ነው። ንግሥቲቱ ማሪያ ቴሬዛ በዚያው ዓመት ሞተዋል። ብሩ ግን ከእርሳቸው ሞት በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በልዩ ልዩ አገር ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ አንድ ማርትሬዛ ብቻውን ቢገኝ ስለ ተጣለበት ዘመን የሚነግራችሁ እጅግ ጥቂት ነው። የምኒልክ ምስል ያለበት ብር ግን በፓሪስ ተመትቶ መውጣት የጀመረው 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ይዞ ነው። እንግዲህ በአንድ ኦና ቤት ወለል ሥር፥ ማንም ሳይነካው በቆየ አፈር ውስጥ፥ የምኒልክ ብር ተገኘ እንበል። ያ ወለል የተነጠፈው ከ1887 ዓ.ም. ወዲህ መሆኑ ታወቀ። ይህም ሁሉም ወደ ሜዳው ወረደ በሚባልበት ጊዜ በጋራው ላይ ገና ቤት የሚሠራ ሰው እንደነበረ ያስረዳል። ያው ብር በከረጢት ውስጥ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ቢመጣ ግን ከብርነቱ በቀር የሚናገረው የለም። ብሩ ያው ብር ነው፤ የጠፋው ምስክርነቱ ነው።

ይህ ምስክርነት የማን ነው? እዚህ ላይ ልብ እንድትሉ እለምናችኋለሁ። የነገሥታቱና የመኳንንቱ ታሪክ በዜና መዋዕል ተጽፏል፤ የዘውዳቸው ቀን ይታወቃል፤ ልብሳቸውና ዕቃቸው በእንጦጦ ማርያም ሙዚየም ተቀምጧል። ከቁልቁለቱ ውሃ በእንስራ ተሸክማ የምትወጣውን ሴት ስም ግን የጻፈ የለም። እንጨት ለቃሚውን፥ በቅሎ ጠባቂውን፥ በአጥር ሥር ያደረውን ወታደር የጻፈ የለም። የእነርሱ ዜና መዋዕል አፈሩ ነው። እኔም ሆንሁ እናንተ፥ አብዛኞቻችን የተወለድነው ከነዚህ ካልተጻፉት ሰዎች ነው። እንግዲህ ኦናውን ያለ ሥርዓት የሚቆፍር ሰው የንጉሥን ታሪክ አይነካም፤ የሚያጠፋው የገዛ አያቱን ብቸኛ መጽሐፍ ነው።

የክፉ ቀንን ዘመን አስቡ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከውጭ የገባ የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ ፈጀ፤ ራብም ሆነ። ይህ የደረሰው እንጦጦ ገና ከተማ ሳለ ነው። በአንድ ኦና ውስጥ የሞፈር ማረሻ ቢገኝ ምን ትላላችሁ? ማረሻ ብረት ነው፤ ብረት በዚያን ዘመን ውድ ስለነበረ ገበሬ ማረሻውን ጥሎ አይሄድም። ባለቤቱ ለምን ተወው? በሬው ስላለቀበት ነውን? እሱ ራሱ ስለሞተ ነውን? ወይስ ማረሻው ተሰብሮ ስለ ተጣለ ነው? ማረሻው በምድጃው አጠገብ ቆሞ ከሆነ አንድ ነገር ይናገራል፤ በቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከሆነ ሌላ ነገር ይናገራል። በከረጢት ውስጥ ከሆነ ግን ምንም አይናገርም፥ የሁለት ኪሎ ብረት ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ከረጢት ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ሥራ ከፈታ ቆይቶ ነበር። ከረጢቱን በጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው፤ ቀለህ፥ የልጓም ብረት፥ አንድ የናስ ቀለበት፥ የዛገ ቢላዋ ነበረበት።

«ጋሼ፥ ይኼ ስንት ያወጣል?» አለኝ።

«ዋጋውን ከመናገሬ በፊት ልጠይቅህ። ቀለበቱን ከየት አገኘኸው?»

«ከእንጦጦ ነዋ፥ ጋሼ።»

«እንጦጦ ሰፊ ነው፥ ልጄ። ከቤት ውስጥ ነው ከውጭ? ከምድጃው አጠገብ ነው ከአጥሩ ሥር? ከአመዱ በላይ ነው ከአመዱ በታች?»

ዝም ብሎ ዕቃውን አየ። ከዚያም «ሁሉንም አንድ ላይ ነው የከተትኩት። እንደሚጠየቅ አላወቅሁም» አለ።

መሣሪያው የራሱ አልነበረም። አንድ ሰው በቀን እያከራየው ነበር፤ ኪራዩ ሲታሰብ ወጣቱ በሳምንቱ መጨረሻ ባለ ዕዳ እንጂ ባለ ሀብት አልሆነም። በወርቅ ወሬ የሚከብረው ወርቅ ፈላጊው ሳይሆን ወሬውን የሚያከራየው ሰው መሆኑን በዚያ ቀን ተረዳሁ።

በማግሥቱ አብረን ወጣን። ጉድጓዶቹን እየዞርን አየን። በአንደኛው አጠገብ የተሰበረ የወፍጮ ድንጋይ፥ ሦስት ጉልቻና ብዙ የሸክላ ገል ተገልብጦ ተጥሎ ነበር። «ይህን ማን ጣለው?» ስል «እኛ ነን፤ መሣሪያው ለዚህ አይጮኽም» አለኝ። እኔም በልቤ አዘንሁ። መሣሪያው ለልጓምና ለጥይት ይጮኻል፤ ወንዱ በበቅሎ እንደ ሄደ፥ በጠመንጃ እንደ ተኮሰ ይናገራል። ለወፍጮው፥ ለጉልቻው፥ ለእንስራው፥ ለምጣዱ ግን ድምፅ የለውም። ያን ሁሉ ሠራዊት ፈጭታ፥ ጋግራና ቀድታ ያኖረችው ሴት በመሣሪያው ዘንድ እንዳልነበረች ናት። ከሌላው ጉድጓድ ደግሞ የሰው አጥንት ብቅ ብሎ ነበር። ወጣቱ ይህን አስቀድሞ አላየውም ነበር፤ ባየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ፥ ተንበርክኮም በእጁ አፈሩን መለሰበት። ከዚያ በኋላ ከየት እንደወጡ የሚያስታውሳቸውን ሦስት ዕቃዎች ቦታቸውን በወረቀት ጽፈን ሁሉንም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስረከበ። የቀሩት ግን ምስክርነታቸው ጠፍቷል፤ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ይህን ስል መሣሪያውን ሰብራችሁ ጣሉት ማለቴ አይደለም። በሥርዓት ሲሠራበት ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ ታሪክ ከአሜሪካ ላምጣላችሁ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በሰኔ 1876 ሊትል ቢግሆርን በሚባል ስፍራ የአሜሪካ ጦር አለቃ ካስተር ከነወታደሮቹ በላኮታና በሸያን ሕዝቦች እጅ አለቀ። ከካስተር ጋር በዚያ ኮረብታ ከተሰለፉት ወታደሮች የተረፈ ስላልነበረ የውጊያውን አካሄድ የሚያውቁት ድል ያደረጉት ሕዝቦች ብቻ ነበሩ። ሽማግሎቻቸው ያዩትን ተናገሩ፤ ነገር ግን ብዙ ጸሐፊዎች የእነርሱን ቃል ንቀው የጀግንነት ተረት ጻፉ። በ1983 በሜዳው ላይ እሳት ተነሥቶ ሣሩን ባቃጠለ ጊዜ የአርኬዎሎጂ ሊቃውንት በ1984 ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዘው ገቡ። መሣሪያው በጮኸበት ሁሉ መጀመሪያ ትንሽ ባንዲራ ተከሉ፤ ከዚያ ቦታውን ለክተው በካርታ መዘገቡ፤ ከዚያ በኋላ ዕቃውን አወጡ። እያንዳንዱ ጠመንጃ በቀለህ ላይ የራሱን ምልክት ስለሚተው አንድ ጠመንጃ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ ለመከተል ቻሉ። ውጤቱም ተንቀው የነበሩት ሽማግሎች ቃል በብዙው እውነት መሆኑን አሳየ። ያልተጻፈላቸውን ሰዎች ቃል አንድ ተራ ቀለህ አጸናላቸው። ቀለሁ እንዲህ ሊመሰክር የቻለው ግን ከመነሣቱ በፊት ቦታው ስለ ተጻፈ ነው። የእንጦጦም ቀለህ ቢጠየቅ የሚናገረው አያጣም።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ2009 አንድ ሰው በገበሬ እርሻ ውስጥ በዚሁ መሣሪያ እጅግ ብዙ የጥንት የወርቅ ዕቃ አገኘ፤ ዛሬ የስታፎርድሸር ሀብት ይባላል። ሰውየው ያገኘውን ለመንግሥት አስታወቀ። ሊቃውንት መጥተው ቦታውን ቆፈሩ፤ ዕቃው ተገምቶ ገንዘቡ ላገኘው ሰውና ለእርሻው ባለቤት እኩል ተከፈለ። ዕቃውም ለሕዝብ ቀረ። ካገኙት መናገር እንደማያደኸይ ይህ ያስተምራል።

በእኛም አገር ሕግ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ከልክሏል። ቤት ሲሠራ፥ መንገድ ሲቆፈር ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው አዟል፤ ላስረከበም ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለት ደንግጓል።

«ለተራበ ሰው ሕግ ምን ይፈይዳል?» ብትሉኝ ራብ እውነተኛ ነገር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከዛገ ብረት ራብ የሚያስታግሥ ገንዘብ እንደማይገኝ አይተናል። ሌላም ነገር አለ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ይመለስልን ስንል ኖረናል። ጣሊያን በ1937 የወሰደውን የአክሱም ሐውልት ከብዙ ልመናና ክርክር በኋላ በ2005 መልሰን አግኝተናል። ያን ጊዜ ሕዝቡ በደስታ እልል ብሏል። እንግዲህ ባዕድ የወሰደውን መልስ የምንል ሕዝብ የራሳችንን በገዛ እጃችን ቆፍረን ለመንገደኛ ብንሸጥ ምን ፊት ይኖረናል? በአክሱም አካባቢ ዝናብ ሲዘንብ ከእርሻ ውስጥ የጥንት ሳንቲም ብቅ ይላል፤ ብዙውም ለጎብኚ እየተሸጠ ወጥቷል። ሐውልቱ ትልቅ ስለሆነ ሲሄድ ታየ፤ ሳንቲሙ ትንሽ ስለሆነ ሲሄድ አልታየም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ የሚከተለውን ምክር ተቀበሉ።

አንደኛ፥ በኦና ስፍራ አትቆፍሩ። የምታዩት ነገር በአፈር ላይ ቢገኝ እንኳ ባለበት ተዉት፤ ፎቶግራፍ አንሡት፤ ከታወቀ ዛፍ ወይም ድንጋይ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ለክታችሁ ጻፉ፤ ቀኑንም ጻፉ። ይህን ለማድረግ ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

ሁለተኛ፥ ያያችሁትን ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለከተማው የባህልና የቱሪዝም ቢሮ አስታውቁ። ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ የሆነ እንደሆነ አስተዳዳሪውንም ንገሩ።

ሦስተኛ፥ መቃብርን አክብሩ። የእንጦጦ ሟች ዘመድ የሌለው አይደለም፤ ዘመዱ እናንተ ናችሁ።

አራተኛ፥ ስለ ራሳችሁም ፍሩ። አገራችን ብዙ ጦርነት ያለፈባት ናት። መሣሪያው የጮኸበት ነገር ሁሉ የልጓም ስባሪ አይደለም፤ ያልፈነዳ ቦምብ ወይም ጥይት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ሳይነካ ርቆ ለፖሊስ ያስታውቅ።

አምስተኛ፥ ከአፈሩ በፊት ሽማግሎችን ጠይቁ። «ይህ የማን ሰፈር ነበር? ውሃ የሚቀዳው ከየት ነበር? ገበያው በየት በኩል ይቆም ነበር?» በሏቸው፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉ። አፈሩ ሳይነካ ቢቆይ መቶ ዓመት ይጠብቃል፥ ሽማግሌው ግን አይጠብቅም። ስለዚህ መቆፈር የሚወድ ወጣት ካለ በቅድሚያ በዚህ ይቆፍር፤ ፈቃድም ኪራይም አይጠየቅበትም።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ወደ ጋራው የሚወጣው ሰው በዝቷል። ነፋሱን ለመቀበልና ከተማውን ከላይ ለማየት መውጣት መልካም ነገር ነው። ስትወጡ ግን በባሕር ዛፉ መካከል ክብ ሆኖ የተቀመጠ የድንጋይ መሠረት ብታዩ ጥቂት ቁሙ። በዚያ ክብ ውስጥ እሳት ይነድ ነበር፤ ልጅ ይወለድ ነበር፤ እናት ማታ በሩን ትዘጋ ነበር። ማን እንደነበሩ የሚያውቅ መጽሐፍ የለም። የሚያውቀው ከእግራችሁ በታች ያለው አፈር ብቻ ነው፤ እሱንም ገና ማንም በሥርዓት አላነበበውም። ከእናንተ መካከል አንዱ የአርኬዎሎጂ ትምህርት ተምሮ፥ ፈቃድ ይዞ፥ ሚዛንና መለኪያ ይዞ ሊያነበው ይችል ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ገጹን አትቅደዱበት።